የቤዝ ጊታር ክር አመራረጥ፦ ለጆሮም ለእጅም የሚስማማውን ማግኘት

የቤዝ ጊታራቸው ድምፅ አልጥም ያላቸው ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት አምፕሊፋየሩን ነው፤ ቀጥሎ ፒክአፑን፣ ከዚያም መሣሪያውን ራሱን። ክሩ የሚታወሳቸው በመጨረሻ ነው። ይሁን እንጂ ፒክአፕ የሚቀበለው የክሩን ንዝረት ነው፤ አምፕሊፋየርም የሚያጎላው ፒክአፑ የተቀበለውን ነው። ክሩ ያላወጣውን ድምፅ ከእሱ በኋላ የተሰለፈው ዕቃ ሁሉ ተባብሮ ሊፈጥረው አይችልም። ስለዚህ መሣሪያ ለመለወጥ ከማሰብዎ በፊት ክር ይለውጡ፤ ወጪው ያነሰ፣ ውጤቱም ወዲያውኑ የሚሰማ ለውጥ ይህ ነው።

አስቸጋሪው ምርጫው ነው። በየፓኬቱ ላይ ቁጥሮች፣ የብረት ስሞችና የአጠቃለል ዓይነቶች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ አምራችም ክሩን «ደማቅ»፣ «ሞቅ ያለ»፣ «ሙሉ» እያለ ያሞካሻል። እኔ በዚህ ሁሉ መካከል መንገዴን የማገኘው ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻ በመጠየቅ ነው፦ ጆሮዬ ምን ጎደለው? እጄንስ ምን አስቸገረው? ድምፁን በአብዛኛው የሚወስኑት የላይኛው ሽቦ ቅርፅ፣ የተሠራበት ብረትና የክሩ ዕድሜ ሲሆኑ፣ የእጅን ስሜት የሚወስኑት ደግሞ የክሩ ውጥረትና የገጹ ልስላሴ ናቸው። ሁለቱን ጥያቄዎች የሚያቀላቅል ሰው ድምፁ እንዲወፍርለት ብሎ እጁን የሚያደክም ክር ይገዛል፤ ወይም እጁ እንዲቀለው ብሎ የሚወደውን ድምፅ ያጣል።

አሁን መሣሪያው ላይ ካለው ክር ይጀምሩ

አዲስ ክር ከመምረጥዎ በፊት የአሁኑ ክር በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። የኢ ክሩን (በባለ አራት ክር ቤዝ ላይ ወፍራሙን) ትንሽ አላልተው የጣትዎን ጫፍ ከሥሩ ያስገቡና ከአንገቱ ጫፍ ወደ ብሪጁ (በአካሉ ላይ ክሮቹ ወደሚታሰሩበት ብረት) በዝግታ ያንሸራትቱ። ክሩ ካረጀ በየፍሬቱ (በአንገቱ ላይ በአግድም በተሰለፉት የብረት ዘንጎች) ትይዩ ላይ ጥቃቅን ጎድጓዳ ቦታዎች ይሰሙዎታል፤ ሽቦው ከፍሬቱ ጋር በተጋጨ ቁጥር እየተበላ የቀረ ምልክት ነው። ጣትዎን ሲያወጡት ጥቁር እድፍ ይዞ ከወጣ ደግሞ በጥቅልሎቹ መካከል ላብ፣ ቅባትና የረገፈ ቆዳ ተጠራቅሟል ማለት ነው። እድፉ የክሩን ንዝረት ያፍናል፤ መጀመሪያ የሚጠፋውም ድምፁን ጥርት የሚያደርገው የላይኛው ክፍሉ ነው። ጎድጓዳዎቹ በበኩላቸው የክሩን ክብደት ከቦታ ቦታ ስለሚያዛንፉት፣ ባዶ ክሩ በትክክል ተቃኝቶ ሳለ ላይኛዎቹ ፍሬቶች ላይ የሚጫወቱት ኖታ ቅኝቱን ይስታል።

ይህን ምርመራ ማስቀደም ያለብን አዲስ ክር ሁሉ ካረጀ ክር ጎን ሲቀመጥ ደማቅ ስለሚሆን ነው። ሁለት ዓመት ያገለገለ ክር አውልቆ ሌላ ዓይነት አዲስ ክር የገጠመ ሰው የሚሰማው ለውጥ ከዓይነቱ ይምጣ ከአዲስነቱ ሊለየው አይችልም። ከቻሉ መጀመሪያ የነበረውን ዓይነት አዲሱን ገጥመው አንድ ሁለት ሳምንት ይጫወቱበት። የቀድሞው ፓኬት ከጠፋብዎ የእያንዳንዱን ክር ውፍረት በካሊፐር ለክተው ይመዝግቡ፤ የሚቀጥለው ምርጫ ሁሉ የሚነሳው ከዚያ ልኬት ነው። ብዙ ጊዜ በዚህ ደረጃ ጉዳዩ ያበቃል፤ ጎደለ የተባለው ድምፅ የጠፋው በእርጅና ብቻ ሆኖ ይገኛል።

የክሩ አሠራርና ከእሱ የሚወጣው ድምፅ

የቤዝ ክር በመሠረቱ ሁለት ነገር ነው፦ ውጥረቱን የሚሸከም ውስጠኛ የብረት ሽቦ፣ እና ክብደት እንዲሰጠው በዙሪያው የተጠመጠመ የላይኛው ሽቦ። የላይኛው ሽቦ ድቡልቡል ከሆነ ክሩ ራውንድ ዋውንድ ይባላል። ጥፍርዎን በርዝመቱ ቢጎትቱበት እያንዳንዱ ጥቅልል እንደ ሞረድ ይጮኻል። ድምፁ ጥርት ያለና ከተመታ በኋላ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ነው፤ በአውራ ጣት እየመቱ በስላፕ ለሚጫወቱ፣ በፒክ ለሚጫወቱና እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ እንዲሰማ ለሚፈልጉ የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ነው። ዋጋው ግን አለ። እጅ ከቦታ ቦታ ሲንሸራተት ክሩ ይፏጫል፤ ሻካራው ገጽም ፍሬቶችን ቀስ በቀስ ይበላል፤ ፍሬት በሌለው ቤዝ ላይ ደግሞ እንጨቱን ራሱን ይጭረዋል።

የላይኛው ሽቦ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ሲሆን ክሩ ፍላት ዋውንድ ይሆናል። ገጹ ልሙጥ ነው፤ ጣት ሲንሸራተትበት ድምፅ የለውም። ከክሩ የሚወጣው ድምፅ ጎርናና፣ መሠረቱ የጠነከረ፣ ከተመታ በኋላም ቶሎ የሚሰበሰብ ስለሆነ ከባስ ድራሙ ጋር ሲመታ ሁለቱ አንድ ሆነው ይሰማሉ። ሊዮ ፌንደር በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ለገበያ ሲያቀርብ መሣሪያው የተገጠመለት ፍላት ዋውንድ ክር ነበር፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ቀረጻዎች ላይ የምንሰማው ያ ድፍን ያለ የቤዝ ድምፅ በአብዛኛው ከዚህ ክር የመጣ ነው። የአሜሪካው የሙዚቃ አሳታሚ የሞታውን ቤዚስት ጄምስ ጄመርሰን ከ52 እስከ 110 ውፍረት ያለውን ወፍራም የላ ቤላ ፍላት ዋውንድ ይጠቀም ነበር፤ ክሩንም ካልተበጠሰበት በቀር አይለውጥም ነበር። ለውጡ የመጣው በ1966 ነው፤ የዘ ሁ ባንድ ቤዚስት ጆን ኤንትዊስል ከእንግሊዙ አምራች ከሮቶሳውንድ ጋር ሆኖ እንደ ፒያኖ ጥርት ብሎ የሚያስተጋባ የስቴንለስ ስቲል ራውንድ ዋውንድ ክር እንዲሠራ አደረገ። ዛሬ አዲስ ቤዝ ጊታር ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ ተገጥሞበት የሚመጣው ራውንድ ዋውንድ መሆኑ የዚያ ለውጥ ውጤት ነው።

«ፍላት ዋውንድ ለቆየ ሙዚቃ፣ ራውንድ ዋውንድ ለዘመናዊ» የሚለውን የተለመደ ምክር ግን አልቀበለውም። የአይረን ሜይደን ባንድ ቤዚስት ስቲቭ ሃሪስ በከባድ ሮክ ውስጥ በፈጣን የጣት ምት የሚጫወተው በፍላት ዋውንድ ነው፤ የጃዝ ቤዚስቱ ጃኮ ፓስቶሪየስ ደግሞ ፍሬት በሌለው ቤዙ ላይ የሮቶሳውንድ ራውንድ ዋውንድ ገጥሞ፣ ክሩ እንጨቱን እንዳይበላበት የጣት ሰሌዳውን ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ሙጫ ለብጦ ያን የሚዘምር የሚመስል ድምፅ አገኘ። ክሩን የሚመርጠው የሙዚቃው ስም ሳይሆን፣ በሙዚቃው ውስጥ ቤዙ የሚይዘው ቦታና የእርስዎ ጣት አመታት ነው። ጣትዎ ኃይለኛ ከሆነ ፍላት ዋውንድ ያንን ኃይል ሰብስቦ ይይዝልዎታል። ጣትዎ ቀለል ያለ ከሆነ ግን ራውንድ ዋውንድ በቀላል ንክኪም ቢሆን ድምፁን ወደ ፊት ያወጣልዎታል።

በሁለቱ መካከል ሃፍ ዋውንድ የሚባለው አለ፤ እንደ ራውንድ ዋውንድ ከተጠመጠመ በኋላ ላይኛው ገጹ ተሞርዶ ወይም ተጨፍልቆ እንዲለሰልስ የተደረገ ክር ነው። መካከለኛ በመሆኑ ብቻ መግዛቱ ቢቀር ይሻላል፤ ከራውንድ ዋውንድ ድምቀቱን፣ ከፍላት ዋውንድ ልስላሴውን ሙሉ በሙሉ አይሰጥምና። የጣት ፉጨት ለሚያስቸግራቸውና ፍሬት በሌለው ቤዝ ላይ ትንሽ ድምቀት ለሚፈልጉ ግን በእርግጥ ጥሩ ነው። ላይኛው ልባሱ ናይለን የሆነው ቴፕ ዋውንድም ቆመው ከሚጫወቱት ትልቅ የእንጨት ቤዝ ጋር የሚቀራረብ ለስላሳ ድምፅ ይሰጣል። ውስጡ ብረት ስለሆነ በተለመደው ማግኔታዊ ፒክአፕ ላይ ይሠራል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ስለሚወፍር ነቱ (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያልፉበት ቁራጭ) ላይ ያለው ቦይ ሳይሰፋለት በትክክል ላይቀመጥ ይችላል።

ወደ ብረቱ ስንመጣ፣ በራውንድ ዋውንድ ክሮች ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይሰማል። ስቴንለስ ስቲል ከሁሉም ደማቁና ለእጅም ሻካራው ነው። ኒኬል የተለበጠ ብረት ከእሱ ትንሽ የለዘበ ሆኖ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ ምን እንደሚፈልጉ ገና ያልለዩ ተጫዋቾች ከዚህ ቢጀምሩ ከየትኛውም አቅጣጫ ሩቅ አይሆኑም። ንጹሕ ኒኬል ከሁለቱም የሞቀና የለሰለሰ ነው። ላብዎ ክርን ቶሎ የሚያበላሽ ከሆነ በስስ ፕላስቲክ የተለበጡ ክሮች ዕድሜያቸው በግልጽ ይረዝማል፤ ሆኖም ገጻቸው የሚያንሸራትት ስለሚመስል ሁሉም እጅ አይወዳቸውም።

የውስጠኛው ሽቦ ቅርፅ ብዙም አይነሳም፤ እኔ ግን ለእጅ ስሜት ከብረቱ ዓይነት ያላነሰ ዋጋ እሰጠዋለሁ። ባለ ስድስት ጎን ከሆነ ጥቅልሉን በማዕዘኖቹ ጨብጦ ስለሚይዘው ክሩ ጠንከር ይላል። ድቡልቡል ከሆነ ክሩ ይበልጥ ይተጣጠፋል፤ በተመሳሳይ ውፍረት ለጣት ለስለስ ብሎ ይሰማል።

ውፍረትና ውጥረት

በፓኬቱ ላይ 45፣ 65፣ 85፣ 105 ተብሎ የሚጻፈው የእያንዳንዱ ክር ውፍረት በሺኛ ኢንች ነው፤ 45 ማለት 0.045 ኢንች ወይም 1.14 ሚሊሜትር ገደማ፣ 105 ደግሞ 2.67 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህ መደበኛው ልክ ነው። ከ40 እስከ 95 ወይም 100 ያለው ቀጭን፣ ከ50 እስከ 110 ያለው ወፍራም ይባላል። ባለ አምስት ክር ቤዝ ላይ የሚጨመረው ዝቅተኛው የቢ ክር ከ125 እስከ 135 ይደርሳል።

እጅ የሚሰማው ግን ውጥረትን እንጂ ውፍረትን አይደለም፤ ይህን መለየት ብዙ አላስፈላጊ ግዢ ያስቀራል። ውጥረቱ በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ በክሩ ክብደት፣ ከነት እስከ ብሪጅ ባለው የንዝረት ርዝመትና በተቃኘበት ድምፅ። በ34 ኢንች መደበኛ ቤዝ ላይ አንድ ክር በተለመደው ቅኝት ከ15 እስከ 23 ኪሎ በሚሆን ኃይል ይጎተታል። ውጥረት ከድምፁ ድግግሞሽ ዳግም ርቢ ጋር ስለሚሄድ፣ መሣሪያውን በግማሽ ቶን ዝቅ አድርጎ መቃኘት ውጥረቱን በ11 በመቶ፣ በሙሉ ቶን ዝቅ ማድረግ ደግሞ በ21 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። ከዘፋኝ ድምፅ ጋር ለመስማማት ዝቅ ብለው የሚቃኙ ከሆነና ክሩ እየላላ በፍሬቶቹ ላይ የሚንጣጣ ከሆነ፣ የሚያስፈልግዎ ከፍ ያለ ብሪጅ ሳይሆን ወፈር ያለ ክር ነው። የንዝረት ርዝመትም እንደዚሁ ነው፤ በ34 ኢንች ቤዝ ላይ የሚስማማዎት ክር በዚያው ክብደት ወደ 30 ኢንች አጭር ቤዝ ቢዛወር ውጥረቱ በ22 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በአጭር ቤዝ ላይ የኢ ክሩ ድምፅ «ጭቃ ሆነብኝ» የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ሊረዳቸው የሚችለው አንድ ደረጃ ወፍሮ መግጠም ነው።

ተመሳሳይ ውፍረት ያላቸው ሁለት ክሮችም ተመሳሳይ ውጥረት አላቸው ብለው አይገምቱ። ፍላት ዋውንድ በጥቅልሎቹ መካከል ያለው ክፍተት አነስተኛ ስለሆነ በዚያው ውፍረት ብዙ ብረት ይይዛል፤ በዚህም ምክንያት ብዙውን ጊዜ ይከብዳል፣ ይጠብቃልም። ከ45–105 ራውንድ ዋውንድ ወደ 45–105 ፍላት ዋውንድ የተሻገረ ሰው «ፍላት እጄን ገደለኝ» ሲል የሚያማርረው ከቅርፁ ሳይሆን ከክብደቱ ነው፤ አንድ ደረጃ ቀጥኖ ቢገዛ እጁ ሳይጨነቅ ድምፁን ያገኝ ነበር። አንዳንድ አምራቾች የየክሩን ውጥረት በፓኬቱ ጀርባ ይጽፋሉ። የተጻፈበት ካገኙ ከውፍረቱ ቁጥር ይልቅ እሱን ያነጻጽሩ፤ ለእጅዎ ከሚስማማው የአሁኑ ክርዎ ውጥረት ብዙ ያልራቀውን ይያዙ። በዚያው ሰንጠረዥ ላይ የዲ ክር ከኢ ክር ይበልጥ ተወጥሮ ቢያዩ አይደነቁ፤ በብዙ የተለመዱ ጥቅሎች እንዲሁ ነው። ይህ አለመመጣጠን የሚያስቸግረው ተጫዋች ውጥረታቸው የተስተካከለ ተብለው ለብቻ የሚሸጡትን ይፈልግ።

ወፍራም ክር ድምፁን ያወፍራል የሚለው አባባል እውነትነት ያለው በከፊል ነው። ከባድ ክር ጠንካራ ምት ሳይዛነፍ ይቀበላል፤ ኖታውም ሲመታ ከቅኝቱ አይናወጥም። ቀጭን ክር ግን ብዙ የላይኛ ድምፅ ያወጣል፣ ለስላፕም ቶሎ ይታዘዛል። እጅዎ ቀላል ከሆነ ከወፍራም ክር የሚያተርፉት ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል።

ርዝመቱ መሣሪያውን ይስማማል?

ውድ ክር ገዝቶ እቤት ከደረሱ በኋላ እንደማይገጥም ማወቅ ያሳዝናል፤ በሜትር ለክቶ መሄድ ግን አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በክሩ ጫፍ ያለው የብረት እንክብል ብሪጁ ላይ ከሚያርፍበት ቦታ እስከ ነቱ ያለውን ርቀት ይለኩ። ሙሉ ውፍረት ያለው የክሩ ክፍል ከዚህ ርቀት ጥቂት አልፎ ማለቅ አለበት፤ ነቱ ላይ ሳይደርስ ካለቀ ድምፁ ይበላሻል፤ እስከ መቃኛው ድረስ ከዘለቀ ደግሞ ወፍራሙ ክፍል መቃኛው ላይ ሲጠመጠም ሊሰነጠቅ ወይም ሊበጠስ ይችላል። ክሩ ከመሣሪያው ጀርባ በአካሉ ውስጥ አልፎ የሚወጣ ከሆነ ይህ ርቀት በርከት ይላል፤ ስለዚህ «34 ኢንች» የሚለው የፓኬት ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። ለቢ ክር ብሪጁ ላይ የሚያርፈው ጫፉ የቀጠነውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ ወፍራሙ ክር በሳድሉ (በብሪጁ ላይ ክሩን በሚደግፈው ክፍል) ላይ በቀላሉ ስለሚታጠፍ ቅኝቱ ይበልጥ ይስተካከላል።

ሲገጥሙና ሲያስተካክሉ

ክሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከማውለቅ አንድ በአንድ መለወጥ አንገቱን ከድንገተኛ የውጥረት ለውጥ ያድነዋል። እያንዳንዱን ክር ከመቃኛው አሥር ሴንቲሜትር ገደማ አሳልፈው፣ መጀመሪያ በማዕዘን ያጥፉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይቁረጡ። ይህን ቅደም ተከተል አጥብቄ የምመክረው በራሴ ስላየሁት ነው። ውስጡ ድቡልቡል የሆነ አዲስ የኢ ክር ሳላጥፍ ቆረጥሁት፤ ከመቁረጫው ጫፍ ጥቅልሉ ሲላላ በእጄ ተሰማኝ። ገጥሜ ስመታው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ካርቶን ድፍን አለ፤ በዚያ ፓኬት ሌሎቹ ሦስቱ ሲያስተጋቡ እሱ አንዴም አላስተጋባም። ማዕዘኑ ጥቅልሉን ቆልፎ ስለሚይዘው ይህ አይደርስም። ከዚያም ክሩን ሁለት ወይም ሦስት ዙር ወደ ታች እየወረደ እንዲጠመጠም አድርገው ይቃኙ፤ በሳድሉና በነቱ ላይ በአውራ ጣትዎ ጫን ቢሉት ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ድምፁም ይጠራል።

የክሩ ክብደት ከተለወጠ አንገቱም ይለወጣል። ወፈር ያለ ክር አንገቱን ወደ ፊት ያጎብጠዋል፤ ክሩ ከፍሬቶቹ ይርቅና «ይህ ክር ጠንካራ ነው» ያሰኛል፣ ምንም እንኳን ጥፋቱ የክሩ ባይሆንም። ይህን ለማየት የኢ ክሩን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ይጫኑና በሰባተኛው ፍሬት አካባቢ ከክሩ ሥር ያለውን ክፍተት ይመልከቱ። የጠንካራ ወረቀት ውፍረት፣ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን መልካም ነው። ከዚያ ከሰፋ ትራስ ሮዱን (በአንገቱ ውስጥ ያለውን የማስተካከያ ዘንግ) ከሩብ ዙር ያልበለጠ አጥብቀው፣ እንደገና ቃኝተው ይለኩ፤ የሚታገልዎ ከሆነ ግን አይግፉት፣ ለባለሙያ ይስጡት። በመጨረሻ በ12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን በመንካት ብቻ የሚወጣውን ሃርሞኒክ ፍሬቱን ተጭነው ከሚያወጡት ኖታ ጋር ያነጻጽሩ፤ የተጫኑት ከፍ ካለ ሳድሉን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ያንቀሳቅሱ። ይህ ሳይደረግ ስለ አዲስ ክር የሚሰጥ ፍርድ ሁሉ ያልበሰለ ነው።

ፍርድ የሚሰጠው መቼ ነው?

በመጀመሪያው ቀን አይደለም። አዲስ ራውንድ ዋውንድ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት የጨዋታ ሰዓታት ከልክ በላይ ይጮኻል፤ ፍላት ዋውንድ ደግሞ ተጫውተውበት እስኪለዝብ ድረስ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ለዓመታት ያገለግላል። ብቻዎን ሆነው የሰሙትም ያሳስታል። ክፍል ውስጥ የሚያስጠላው የክሩ ጩኸት ከድራምና ከኪቦርድ ጋር ሲገባ ኖታው እንዲለይ የሚያደርገው ነገር ሆኖ ይገኛል፤ ብቻውን ሲሰማ የሚያምረው ሰፊ ድምፅ ደግሞ በባንዱ መካከል ይሰወራል። ከባንድዎ ጋር አንድ ልምምድ በስልክዎም ቢሆን ይቅረጹና በማግሥቱ ያዳምጡት፤ የአምፕሊፋየሩንም ቁልፎች በሁለቱ ክሮች ጊዜ በአንድ ቦታ ያቆዩ።

ቀጥሎ ለውጥ ካስፈለገ አንዱን ብቻ ይለውጡ። ድምፁ ተስማምቶዎት እጅዎ ከደከመ ያንኑ ዓይነት አንድ ደረጃ ቀጥኖ ይግዙ፤ እጅዎ ተስማምቶት ድምፁ ከደመቀብዎ ውጥረቱን ሳይለቁ ከስቴንለስ ስቲል ወደ ኒኬል፣ ከዚያም ካልበቃ ወደ ፍላት ዋውንድ ይሻገሩ። በየጨዋታው መጨረሻ ክሮቹን ከላይም ከሥርም በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። ራውንድ ዋውንድን በውኃ ቀቅሎ ማድረቅ ድምቀቱን ይመልሳል፤ የሚመልሰው ግን ለአጭር ጊዜ ነው፣ ጎድጓዳዎቹንም አይጠግንም። ያወለቁት ክር ገና ጤናማ ከሆነ ጠቅልለው በአዲሱ ክር ፓኬት ውስጥ ያስቀምጡትና በላዩ ላይ ውፍረቱን፣ ያወለቁበትን ቀንና ስለ ድምፁ የታዘቡትን አንድ መስመር ይጻፉበት፤ በጨዋታ መካከል ክር ሲበጠስ መጠባበቂያ፣ በሚቀጥለው ግዢ ደግሞ ማነጻጸሪያ ይሆንዎታል።